ተጋጣሚ ፍለጋ፦ ጥቂት ሰው ባለባት ደሴት ስፖርት እንዴት ይኖራል?

ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የተበተኑ ሲሊ የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ሰው የሚኖርባቸው አምስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ የነዋሪዎቻቸው ጠቅላላ ቁጥር 2,100 ገደማ ነው። በብርዱ ወራት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሴንት ሜሪስ በተባለችው ትልቋ ደሴት፣ የድሮ ምሽግ ባለበት ከፍታ ላይ በሚገኘው ሜዳ ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች ይጋጠማሉ። አንደኛው ጋሪሰን ገነርስ፣ ሌላኛው ዉልፓክ ዋንደረርስ ይባላል። በሚቀጥለው ጨዋታ የሚገናኙትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ። ሊጉ ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሌላ ቡድን የለውም። የደረጃ ሰንጠረዡ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ዋንጫ ሲኖርም የፍጻሜው ተፋላሚዎች ከመጀመሪያው ይታወቃሉ።

ወሬው ሲሰማ እንደ ቀልድ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም የሚወራው እንደ አስቂኝ ነገር ነው። እኔ ግን ይህን ሊግ የማየው ለአንድ ከባድ ጥያቄ እንደተሰጠ የታሰበበት መልስ አድርጌ ነው። ጥያቄው፣ ስፖርት ሁልጊዜ ሌላ ወገን የሚፈልግ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ወገን በሌለበት ቦታ እንዴት ሊኖር ይችላል የሚለው ነው። ስለ ትንንሽና ሩቅ ደሴቶች ስፖርት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ችሎታ ማነስና ስለ ገንዘብ እጥረት ነው። እነዚህ መኖራቸው እውነት ነው፤ ሥሩ ግን የተጋጣሚ ጉዳይ ነው፣ ሌሎቹ ችግሮች አብዛኞቹ ከእሱ የሚመዘዙ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይቀላል። 500 ሰው የሚኖርባትን አንዲት ደሴት እናስብ። ግማሹ ወንድ ቢሆን 250 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሕፃናቱን፣ ተማሪዎቹንና በዕድሜ የገፉትን ስናወጣ፣ እግር ኳስ ለመጫወት በሚመች ዕድሜ ላይ የሚገኙት ቢበዛ 50 ወይም 60 ቢሆኑ ነው። ከእነዚህም መካከል ባሕር ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ፣ ለሥራ ወደ ዋናው ምድር የሄደው፣ ጉልበቱ የተጎዳው፣ ኳስ የማይወደውና በዚያ ቀን የጀልባ ማረፊያው ተረኛ የሆነው ይቀነሳሉ። የሚቀሩት 25 ቢሆኑ ለሁለት ቡድን 22 ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ለዳኝነት ይወሰድና ለሁለቱም ወገን የሚተርፈው ተቀያሪ ሁለት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ ከ25ቱ መካከል በግብ ጠባቂነት ልምድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሴቶች ስሌቱ ያው ነው፤ ሆኖም እንደ ብዙ ቦታዎች ሁሉ በደሴቷም የሴቶች ጨዋታ ዘግይቶ ከተጀመረ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። በትልቅ ከተማ አንድ ተጫዋች ቢታመም ቡድኑ ይዳከማል፤ በእንዲህ ያለች ደሴት ሦስት ሰው ከታመመ ጨዋታው ራሱ ይቀራል።

ወደ ሲሊ እንመለስ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከሴንት ሜሪስ ሌላ ትንንሾቹ ደሴቶችም የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ በጀልባ እየተሻገሩ ይጋጠሙ ነበር። በኋላ የትንንሾቹ ደሴቶች ሰው 11 ተጫዋች ለማሰለፍ የማይበቃ ሲሆን ውድድሩ በሴንት ሜሪስ ባሉ ሁለት ቡድኖች መካከል ብቻ ቀረ፤ የአሁኑን ስማቸውን የያዙት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ብልሃቱ ያለው ግን ሁለት በመሆናቸው ላይ ሳይሆን በአመሠራረታቸው ላይ ነው። የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ቡድን አምበሎች ይገናኙና ያሉትን ተጫዋቾች አንድ አንድ እያሉ በተራ ይመርጣሉ፤ ልጆች በሰፈር ሜዳ ላይ «አንተ ከእኔ ጋር» እየተባባሉ እንደሚከፋፈሉት ማለት ነው። በመሆኑም ባለፈው ዓመት ኳስ ሲያቀብልህ የነበረው ሰው ዘንድሮ ሊያስቆምህ የሚሮጥ ተከላካይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ማስተዋል ይገባል። 20 ቡድን ባለበት ሊግ አንዱ ቢዳከም ሌሎቹ ውድድራቸውን ይቀጥላሉ፤ ደካማው ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርድና በምትኩ ሌላ ይመጣል። ሁለት ብቻ ባሉበት ግን አንዱ ከተዳከመ ጠንካራው ራሱ ውድድር አጣ ማለት ነው። ቡድኖቹ ቋሚ ቢሆኑ ኖሮ ጎበዞቹ ወደ አሸናፊው ያዘነብሉ ነበር፤ ውጤቱም ገና በወቅቱ መጀመሪያ ይታወቅ፣ የተሸናፊው ተጫዋቾችም አንድ በአንድ እሑድ ጠዋት ቤታቸው መቅረት ይጀምሩ ነበር። ስለዚህ ደሴቲቱ ተጋጣሚዋን ራሷ ትሠራለች፤ ሠርታም በየዓመቱ ታስተካክለዋለች። በትልልቅ ሊጎች ሚዛንን ለመጠበቅ የዝውውር ሕግና የገንዘብ ገደብ ያስፈልጋል፤ እዚህ ሁለት አምበሎችና አንድ የስም ዝርዝር ይበቃሉ።

በእንዲህ ያለ ቦታ የዳኛው ሁኔታም የተለየ ነው። እሑድ ቀይ ካርድ ያሳየው ሰው ሰኞ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚሸጥለት፣ ወይም የቤቱን ቧንቧ የሚጠግንለት፣ ወይም የልጁ አስተማሪ ነው። ሁሉም ሁሉን በስሙ፣ በአባቱና በቤቱ ያውቃል። ይህ በአንድ በኩል ጨዋታውን ጨዋ ያደርገዋል፤ ጓደኛህን አጉል ጠልፈህ ብትጥል ለሆስፒታል በአውሮፕላን ወደ ዋናው ምድር ሊወሰድ፣ ከዚያም ለሳምንታት ሥራ ሊያጣ እንደሚችል ታውቃለህና። በሌላ በኩል አንድ ቅያሜ ሜዳ ላይ ተጀምሮ ሜዳ ላይ አያልቅም። ይህን ሸክም ተቀብሎ በየሳምንቱ ፊሽካ የሚነፋ ሰው ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አይደለም።

ርቀቱ ሲጨምር ግን ራስን ለሁለት መክፈል ብቻውን አይበቃም። ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ የምትገኘው ትሪስታን ዳ ኩኛ ከ250 ያነሱ ሰዎች የሚኖሩባት ስትሆን፣ ቅርቧ የሆነችው ሰው ያለባት ምድር፣ ሴንት ሄለና፣ ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ እሱም የሚመጣው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። የትሪስታን እግር ኳስ ቡድን የውጭ ተጋጣሚ የሚያገኘው መርከብ ሲመጣና ሠራተኞቹ ወደ መሬት ሲወርዱ ነው። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባ ወደ ወደቡ መግባት ስለማይችል፣ ተጋጣሚው ከዓይን ሳይርቅ፣ መርከቡ ላይ እንደቆመ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ቀጠሮው በቀን መቁጠሪያ የሚያዝ አይደለም፤ በነፋስና በማዕበል የሚወሰን ነው።

ሴንት ሄለና ከትሪስታን ጋር ስትነጻጸር ትልቅ ናት፤ 4,400 ያህል ሰው ይኖርባታል፣ ክሪኬትም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይዘወተርባታል። የደሴቷ ችግር ተራራማ መሆኗ ነው። ለጥ ያለ ሰፊ ቦታ እምብዛም ስለሌላት፣ ፍራንሲስ ፕሌን የሚባለው አንዱ ሜዳ ክሪኬቱንም፣ እግር ኳሱንም፣ ሌላውንም በየተራ ያስተናግዳል። ቡድኗ በ2012 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ የክሪኬት ውድድር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ደሴቷ ገና አውሮፕላን ማረፊያ አልነበራትም፤ ወደ ኬፕታውን የሚወስደው መርከብ አምስት ቀን ገደማ ይጓዝ ነበር። ለጥቂት ቀን ጨዋታ በመርከብ ላይ ብቻ አሥር ቀን ማለት ነው። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ሠራተኛ እንጂ ባለሙያ ስፖርተኛ አይደለም፤ ስለዚህ ከብቃት በፊት የሚጠየቀው «ይህን ያህል ቀን ከሥራ መቅረት ትችላለህ?» የሚል ነው። መደበኛ በረራ በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለስፖርተኞቿ የተለወጠው ነገር ትልቅ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የእግር ኳስ ቡድኗ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ በምትባለው ደሴት ላይ በተደረገ የደሴቶች ውድድር ተካፍሏል።

ስለ ሜዳ ካነሣን ቱቫሉን መዝለል አይቻልም። ቱቫሉ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ የዘጠኝ ዝቅተኛ ደሴቶች አገር ናት፤ የብሱ ሁሉ ቢደመር 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ ኮራል ስለሆነ ሣር አጥብቆ አይዝም፣ ሰፊ ቦታም የለም። በዋናው ደሴት ላይ ያለው ትልቁ ሜዳማ ስፍራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን የሠሩት የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነው። በረራው በሳምንት ጥቂት ብቻ በመሆኑ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሕዝቡ ወደ ማኮብኮቢያው ይወጣል፤ በአንድ በኩል እግር ኳስ፣ በሌላ በኩል መረብ ኳስ፣ በመካከል ሞተር ብስክሌት የሚለማመድ ወጣት ይታያል። አውሮፕላን ሲቃረብ ሳይረን ይጮኻል፤ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይወጣል፤ አውሮፕላኑ ያርፋል፤ በኋላ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል።

ይሁንና ሜዳው ራሱ ወደ ሌላ ውስብስብ ጉዳይ ይወስደናል፤ እሱም ዕውቅና ነው። አንድ ቡድን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ለመሰለፍ አገሩ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር የፊፋ አባል መሆን አለበት። የአባልነቱ መንገድ በአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን በኩል ያልፋል፤ መመዘኛዎቹም ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ፣ እንግዳ ቡድን የሚያርፍበት ሆቴልና አስተማማኝ መጓጓዣ ወዳለበት ቦታ ያዘነብላሉ። የቱቫሉ ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን በኦሺኒያ ኮንፌዴሬሽን ተባባሪ አባል የሆነው በ2006 ነው፤ ፊፋ ግን እስካሁን አላስገባውም። እዚህ ላይ አዙሪት ይፈጠራል። ፊፋ ለአባሎቹ ለሜዳና ለሥልጠና የሚውል ገንዘብ ይሰጣል፤ አባል ለመሆን ደግሞ ሜዳውና አደረጃጀቱ ቀድሞ መኖር አለበት። ሀብታም አገር ይህን ክፍተት ከራሱ ኪስ ይሞላዋል፤ ትንሽ ደሴት ከየት ታምጣው? እንደ እኔ እምነት መመዘኛው ሕዝብ በብዛት ላለበት ቦታ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ለዘጠኝ የኮራል ደሴቶች ሲሠራበት ፍትሐዊነቱ ይጎድላል።

አንድ ጊዜ ብቻ በሩ በአጋጣሚ ገርበብ ብሎ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ሳሞአ ላይ የተደረገው የደቡብ ፓሲፊክ ጨዋታዎች የእግር ኳስ ውድድር ለ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ጭምር እንዲሆን ተወስኖ ስለነበር፣ ቱቫሉ የፊፋ አባል ሳትሆን በማጣሪያ ተሰለፈች፤ ከታሂቲ ጋርም 1 ለ 1 ተለያየች። ኦሊምፒክ በዚህ ረገድ የተሻለ ለጋስ ነው። ሚኒማ ያላሟሉ አገሮች በአትሌቲክስ ጥቂት ተወዳዳሪ እንዲልኩ የሚፈቅድ አሠራር ስላለ፣ ቱቫሉ ከቤጂንግ 2008 ጀምሮ ትሳተፋለች፤ በሪዮ 2016 አንድ የ100 ሜትር ሯጭ ብቻ ይዛ ቀርባለች። ሩጫ በሰዓት የሚለካ ስለሆነ ቡድን ማሟላት አይጠይቅም፤ ለትንሽ አገር የግል ስፖርት የሚቀለው ለዚህ ነው።

ዕውቅና ሲገኝ ምን እንደሚለወጥ ለማየት ፋሮ ደሴቶችን መመልከት ይበቃል። በሰሜን አትላንቲክ የሚገኙት እነዚህ ደሴቶች ፊፋን የተቀላቀሉት በ1988፣ የአውሮፓውን ማኅበር ደግሞ በ1990 ነው። መስከረም 12 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታቸው ኦስትሪያን 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ግቧን ያስቆጠረው ቶርኪል ኒልሰን ነበር። ጨዋታው የተደረገው ግን በአገራቸው ሳይሆን ስዊድን ውስጥ ላንድስክሮና በተባለች ከተማ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ደሴቶቹ ላይ መመዘኛውን የሚያሟላ የሣር ሜዳ አልነበረም። የሕዝባቸው ቁጥር 55,000 ገደማ ብቻ ቢሆንም ከሲሊና ከትሪስታን ጋር ሲወዳደር ብዙ ነው፤ ይህ መዘንጋት የለበትም።

ሰው ያነሰበት ማኅበረሰብ ከውጭ የመጣውን ጨዋታ ለራሱ ቁጥር ከማስማማት ሌላ፣ ከቁጥሩ ጋር የተስማማ የራሱ ጨዋታም ሊኖረው ይችላል። የቱቫሉ ባህላዊ ጨዋታ የሆነው ቴ አኖ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት ወገኖች በበርካታ ረድፍ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ ከፓንዳነስ ቅጠል የተጎነጎኑ ሁለት ከባድ ኳሶችን በአንድ ጊዜ በእጃቸው እየመቱ መሬት ሳይነኩ ይመላለሱባቸዋል። ከእያንዳንዱ ወገን ፊት አለቃውና ኳስ ያዡ ይቆማሉ፤ ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። አሥራ አንድ የሚባል ቁጥር የለም፤ ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ ለሁለት ይከፈልና ይሰለፋል። እግር ኳስ ሰው የሚያስቀርበት ቦታ ላይ ቴ አኖ ሰው ይጨምራል፤ ለብዙ ሰው የሚሆን ረድፍ ሁልጊዜ አለውና።

ተጋጣሚው ከውጭ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ተመጣጣኝ ነው ወይ? ሳርክ የምትባለው ደሴት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ትገኛለች፤ ነዋሪዎቿ 500 ገደማ ናቸው፣ መኪናም አይነዳባትም። በ2003 እ.ኤ.አ. ጎረቤቷ ገርንዚ ባዘጋጀችው የደሴቶች ጨዋታ ላይ የእግር ኳስ ቡድን ይዛ ቀረበች። በጊብራልታር 19 ለ 0፣ በአይል ኦፍ ዋይት 20 ለ 0፣ በግሪንላንድ 16 ለ 0፣ በኖርዌይዋ ፍሮያ ደግሞ 15 ለ 0 ተሸነፈች። በአራት ጨዋታ 70 ግብ ገባባት፣ አንድም አላስቆጠረችም። ይህን ቁጥር ሰው የሚጠቅሰው ለመሳቅ ነው፤ እኔ ግን ሌላውን ቁጥር ከጎኑ ማስቀመጥ እወዳለሁ። የአይል ኦፍ ዋይት ሕዝብ ከ100,000 በላይ ነው፤ ሳርክ ያሰለፈችው ቡድን ከ500 ሰው ውስጥ የወጣ ነበር። አራተኛው ጨዋታ ላይም ሳይቀሩ ገብተዋል። ሚዛን ሲጎድል የሚሆነውን ጊብራልታርም በተራዋ አይታዋለች፤ የአውሮፓውን ማኅበር በ2013 ከተቀላቀለች በኋላ፣ በኅዳር 2023 በፈረንሳይ 14 ለ 0 ተሸንፋለች።

የደሴቶች ጨዋታ የተባለው ውድድር ራሱ ለዚህ ለሚዛን ጥያቄ አንድ መልስ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. አይል ኦፍ ማን ላይ 15 ደሴቶች በሰባት የስፖርት ዓይነቶች ተወዳደሩ፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ ሲሆን፣ በ2025 ያስተናገደችው የስኮትላንዷ ኦርክኒ ናት። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ እያንዳንዱ ቡድን ከደሴቱ ዳርቻ የቀዳውን ውኃ ይዞ ይመጣና በአንድ ላይ ይቀላቅላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ትንሽ ከትልቅ ጋር ከሚጋጠም ትንሽ ከትንሽ ጋር ይጋጠም። የሳርክ ውጤት እንደሚያሳየው በትንንሾች መካከልም ልዩነት አለ፤ ቢሆንም ለአንዲት የ5,000 ሰው ደሴት ዋናተኛ ሜዳልያ ማግኘት የሚቻልበት መድረክ ይኸው ነው።

ደሴቶቹ በሙሉ የሚጋሩት፣ በደንብ የማይወራለት ችግር ደግሞ የወጣቱ መሄድ ነው። ሲሊ ላይ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው እስከ 16 ዓመት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለመማር ልጁ ወደ ዋናው ምድር ሄዶ እዚያው መኖር አለበት። እግሩ የጠነከረበት፣ ለአዋቂዎቹ ቡድን የደረሰበት ዕድሜ የሚሸኝበት ዕድሜ ነው። ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ አይመለስም። ስለዚህ በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ የ17 ዓመቱ ልጅ ቦታ ባዶ ሲሆን የ45 ዓመቱ ሰው ይሮጥበታል። አምበሎቹ በየዓመቱ ስም ሲከፋፈሉ መጀመሪያ የሚያዩት ማን ጎበዝ እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደተመለሰ ነው።

እግር ኳሱ በሚያርፍበት በሞቃቱ ወራት ሲሊ ወደ ባሕሩ ይዞራል። ጊግ የሚባሉት ጀልባዎች 10 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርዝመት ያላቸው፣ ከቀጭን የኤልም እንጨት የተሠሩ፣ ስድስት ቀዛፊና አንድ መሪ የሚይዙ ናቸው። ድሮ ለስፖርት አልተሠሩም፤ መርከብ ከሩቅ ሲታይ የየደሴቱ ሰዎች እየተሽቀዳደሙ ይቀዝፉ ነበር፣ ቀድሞ የደረሰው ጊግ መርከቡን በአለቶቹ መካከል የሚመራውን ሰው አሳፍሮ ሥራውን ያገኝ ነበር። ሽቅድምድሙ እንጀራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በበጋው ወራት ረቡዕ ማታ ሴቶቹ፣ ዓርብ ማታ ወንዶቹ ይወዳደራሉ። ለቡድን ስድስት ሰው ስለሚበቃ 11 ማሰለፍ ያቃታቸው ትንንሾቹ ደሴቶች እዚህ ላይ ጀልባ አላቸው።

ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በግንቦት ወር መጀመሪያ የጊግ የዓለም ሻምፒዮና የሚደረገው እዚሁ ነው። ከ100 በላይ ጀልባዎች ባሕሩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ በአንድ መስመር ሲሰለፉ ዳርና ዳሩን በአንድ ጊዜ ማየት ያስቸግራል። የእንግዳ ማረፊያዎቹ ይሞላሉ፣ ሰዎች በድንኳን ያድራሉ፣ የጀልባ ማረፊያው ላይ በመቅዘፊያ መካከል ነው የሚታለፈው። የእግር ኳሱን ወቅት ሙሉ በየእሑዱ ያንኑ አንድ ቡድን ሲገጥሙ የከረሙት ሰዎች፣ በእነዚያ ቀናት ማንን ቀድመው ማንን እንደተከተሉ ለማወቅ የውጤቱን ዝርዝር ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ።